ሲግናል አለ፣ ምስል የለም

ባለፈው ክረምት ጳውሎስ፣ እናቴ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጀምር ቴሌቪዥኑም አብሮ ይቆራረጥ ነበር። ምስሉ አራት ማዕዘን እየሆነ ይበታተንና ድርግም ይላል። እሷ ብቻዋን ስለምትውል ቤቱ ውስጥ የሚያወራው ቴሌቪዥኑ ነው። የጠራነው ዲሽ ሠሪ «ኤልኤንቢው ሞቷል» ብሎ አዲስ ቀየረላት፤ ሦስት ቀን ሠራና ያው ሆነ። በአራተኛው ቀን ስደውል «የጎረቤቱን ልጅ ጣሪያ ላይ ላስወጣው ነው» አለችኝ። በረጠበ ቆርቆሮ ላይ! ሥራዬን ጥዬ መጣሁ።

መጀመሪያ ያየሁት የሪሲቨሩን ሜኑ ነው። «ስትሬንግዝ» እና «ኳሊቲ» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉት። ብዙዎቻችን የምናየው የመጀመሪያውን ነው፤ እሱ ግን ዲሹ ወደ ግድግዳ ቢዞርም ሊሞላ ይችላል። በዋናነት የሚነግራችሁ ኤልኤንቢው ኤሌክትሪክ እንዳገኘ ነው። ምስል የሚያመጣው ሁለተኛው ነው። እኛ ቤት ስትሬንግዝ 80፣ ኳሊቲ 12 ነበር።

ስለዚህ ከታች ጀመርኩ። ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቅዬ (ይህን አትርሱ፣ በኬብሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፋል) የኬብሉን ጫፍ ፈታሁ። መሀል ያለው የመዳብ ሽቦ ንጹሕ ነው። ሌሎቹን ማያያዣዎች ለማየት ጣሪያው እስኪደርቅ እስከ ነገ ጠዋት ጠበቅኩ። ዲሹ ሰርቪሱ ጠርዝ ላይ ስለሆነ በመሰላል ይደረሳል፤ ቆርቆሮው ላይ መውጣት ለካ ከነጭራሹ አያስፈልግም ነበር። ኤልኤንቢው አዲስ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለው ኮኔክተር ግን የድሮው! ውስጡ ውኃ ገብቶ ሽቦው አረንጓዴ ሆኗል። ሰውየው የቀየረው ደህናውን ዕቃ ሳይሆን አይቀርም። የበሰበሰውን ኬብል ቆርጬ አዲስ ኮኔክተር አስገባሁና በፕላስተር ጠቀለልኩት። ኳሊቲው 35 ገባ።

የቀረው አቅጣጫ ነው። «እንጦጦ ይጋርደናል» የሚል የሰፈር ወሬ አለ፤ ተራራው በሰሜን ነው፣ ሳተላይቶቹ ደግሞ እዚያ በኩል የሉም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የገቡበት ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ኮምፓስ ላይ 115 ገደማ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ማለት ነው። እንዲህ ከፍ ያለውን የጎረቤት ፎቅ በቀላሉ አይጋርደውም። ናይልሳት ግን በምዕራብ በኩል 37 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ ባሕር ዛፍም ይበቃዋል። የስልካችሁን ኮምፓስ ዲሹ አጠገብ አትመኑት፤ ብረት ያሳስተዋል። ራቅ ብላችሁ ለኩና ምልክት ያዙ።

ዲሹ ራሱም አታላይ ነው። ቤታችን ያለው ዓይነት የሚያየው ፊቱ ከሚያሳየው ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ላይ ነው፤ ስለዚህ ወደ ጎረቤት አጥር ያፈጠጠ ቢመስላችሁ አትደንግጡ።

እናቴን በቴሌግራም ቪዲዮ ደወልኩላትና ስልኩን ቴሌቪዥኑ ፊት አቆመችው። ብሎኑን በጥቂቱ ላላ አድርጌ ዲሹን በጣት ጥፍር ያህል እገፋለሁ፣ ሦስት ሰከንድ እጠብቃለሁ፣ እሷ «ወጣ፣ ወጣ፣ ኧረ ወረደ!» ትላለች። ከዚያ ኤልኤንቢውን በማቀፊያው ውስጥ አሽከረከርኩት። ብዙ ሰው ቀጥ አድርጎ ያስረዋል፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ግን ለኢትዮሳት 60 ዲግሪ አካባቢ መዘንበል አለበት። ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚህ ላይ ነው፦ 71።

ግማሹ ጣቢያ ብቻ ከጠፋባችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ሪሲቨሩ ለአንዱ ፖላራይዜሽን 13፣ ለሌላው 18 ቮልት ይልካል። ስዊች ካላችሁ እሱን ዘላችሁ ኬብሉን በቀጥታ ሞክሩት።

ከባድ ዝናብን ግን ማንም አያስቆመውም። የሞገዱ ርዝመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠብታው ይውጠዋል። ኳሊቲው በደረቅ ቀን 35 ከሆነ ካፊያም ያጠፋዋል፤ 71 ከሆነ ግን የሚቀነስለት አለው።

ደመራ ሰሞን ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ለጥቂት ደቂቃ ቢጠፋ ደግሞ ሠሪ አትጥሩ። ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ የምታልፍበት ጊዜ ነው፤ መጋቢት 7 ገደማም ይደገማል። እንደውም ያኔ ወጥታችሁ ዲሹን እዩት፤ አቅጣጫው ልክ ከሆነ የፀሐዩ ነጸብራቅ ኤልኤንቢው አፍ ላይ ያርፋል።

ማታውን ዘነበ። እናቴ አልደወለችም። እኔ ስደውል «ቆይ፣ ድራማው ይለቅ» ብላ ዘጋችብኝ።