ድንጋይ አቀባዮቹ ተማሪዎች

በስኮትላንድ ምዕራብ ጠረፍ አዮና የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ቅዱስ ኮሎምባ በ563 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ገዳም የመሠረተባት ናት። አሁን የሚታየው የድንጋይ ገዳም የተጀመረው በ1200 ገደማ ሲሆን፣ ከ1560 የሃይማኖት ለውጥ በኋላ ፈረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ እስከ 1910 ቢጠገንም፣ የመነኮሳቱ መኖሪያ ፍርስራሽ እንደሆነ ቀረ።

እኛን ሠልጣኞችን የሚመለከተን ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። ጆርጅ ማክሊዮድ የተባለ ቄስ ጎቫን በሚባለው የግላስጎው የመርከብ ሠሪዎች ሠፈር ሲያገለግል፣ ባለሙያው ሁሉ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት አየ። ስብከቱና የሠራተኛው ኑሮ ሆድና ጀርባ ሆኑበት። በ1938 ሥራ ያጡ ግንበኞችንና አናጢዎችን፣ ከነሱም ጋር ለቅስና የሚሠለጥኑ ወጣቶችን ይዞ ደሴቲቱ ገባ። ታዲያ አዛዡ ማን መሰላችሁ? ግንበኛው! የነገረ መለኮት ተማሪው ድንጋይ አቀባይ ነበር። ለኛ ከግንቡ ይልቅ የሚያስደንቀን ይኸው የሥራ ድልድል ነው፤ ቀለም የቆጠረ ሁሉ አለቃ ይሁን ያለው ማን ነው?

ጦርነት መጣ፤ እንጨት ብርቅ ሆነ። ሥራው ግን በ27ኛ ዓመቱ፣ በ1965፣ አለቀ።

ጎብኚ ዛሬ ከኦባን በመርከብ ወደ መል ይሻገራል፤ መልን በመኪና አቋርጦ ደግሞ በጀልባ አዮና ይደርሳል። ገዳሙ ውስጥ የሚያርፍ እንግዳም ሳህን የማጠብ ተራ ሲደርሰው ኖሯል።