አንድ ማያ ለሁለት ሰው

በመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታቅዶ የተሠራ ነው። ገበሬው ተራውን ጠብቆ በውሃ አባቱ ፈቃድ ያጠጣል እንጂ፥ ጎረቤቱ እያጠጣ ሳለ ቦዩን ሰብሮ ውሃውን ወደ ማሳው አይጠልፍም። ቢጠልፍ ጠቡ ቀላል አይሆንም።

ይህን ማንሣቴ ስለ መስኖ ለመጻፍ አይደለም። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት በሚሠራ አንድ ኮምፒዩተር ሁለት ሰዎች ሲገለገሉ የሚገጥማቸው ነገር ከዚሁ ስለማይርቅ ነው።

ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ፥ የዩኒክስን ልማድ ተከትሎ ለብዙ ተጠቃሚዎች የሚሆን ነው። እያንዳንዱ የራሱ ስም፥ የራሱ የምስጢር ቃልና የራሱ ማኅደር አለው። ማያውን፥ የፊደል ገበታውንና ማውሱን የሚያዝዘው ግን አንድ አገልጋይ ነው። ይኸውም በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ኤክስ ነው፤ የውሃ አባቱ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ባለ ማያው ሲገባ የምስጢር ምልክት በማኅደሩ ይቀመጥለታል፤ ይህን ምልክት ያላሳየ የሌላ ሰው ፕሮግራም መስኮት ሊከፍት አይችልም።

እኔም አንድ ቀን በባልንጀራዬ ስም የሚሠራ ፕሮግራም በእኔ ማያ ላይ ለመክፈት ብሞክር «ማያውን መክፈት አልተቻለም» የሚል መልስ መጣብኝ። ቸኩዬ ስለ ነበር «ኤክስሆስት» የሚባለውን ትእዛዝ ጽፌ ከጎኑ የመደመር ምልክት አኖርሁ። ፕሮግራሙ ወዲያው ተከፈተ፤ ደስም አለኝ። ያደረግሁት ግን ቦዩን በሙሉ መስበር ነበር። በኤክስ ሥርዓት ወደ ማያው የገባ ፕሮግራም ሁሉ ሌላው የሚጽፈውን እያንዳንዱን ፊደል ሊያነብ፥ የማያውንም ሥዕል ሊቀዳ ይችላል። የባንክ የምስጢር ቃልም ሆነ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከዚህ አይተርፍም። ትክክለኛው መንገድ በዚያው ትእዛዝ የአንዱን ባልንጀራ ስም ብቻ ጠርቶ መፍቀድ፥ ሥራው ሲያልቅም መልሶ መከልከል ነው። እንዲያም ሆኖ የተጠራው ሰው ሁሉን ማየት ስለሚችል፥ የማይታመን አይጠራም።

የድምፁ ነገር ደግሞ ይብሳል። ፐልስኦዲዮ የተባለው የድምፅ አገልጋይ በየተጠቃሚው ስም ለየብቻ ይነሣል፤ በሩም ለባለቤቱ ብቻ የተከፈተ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ በማያው ላይ እየታየ ድምፅ ላይኖረው ይችላል። መፍትሔ ተብሎ ሰውየው «ኦዲዮ» ወደሚባለው የተጠቃሚዎች ቡድን የሚገባበት ጊዜ አለ። ይህ ሰው ታዲያ ድምፅ ማጉያውን ብቻ ሳይሆን ማይክሮፎኑንም ያገኛል፤ ከሌላ ክፍል በመረብ ገብቶ እንኳ በጠረጴዛው ዙሪያ የሚነገረውን ሊሰማ ይችላል። በዛሬው ሊኑክስ የድምፁ መሣሪያ በማያው ፊት ለተቀመጠው ሰው እየተሰጠ፥ ተራው ሲለወጥ ወደ ተተኪው የሚዛወረው ስለዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ጽሕፈት እንዳያነብ አድርጓል። በኤክስ የሚሠራ ግን «ኤክስሆስት» ብቻ ብሎ ቢጽፍ፥ በሩ ክፍት ይሁን ዝግ ማሽኑ ይነግረዋል፤ ክፍት ከሆነ የመቀነስ ምልክት ጨምሮ ይዝጋው።