እንጦጦ፦ የአሮጌ ከተማ ዱካ እንዴት ይነበባል?

(በሬዲዮ ከተላለፈ የመሠረተ ትምህርት ንግግር የተገለበጠ)

በጫንጮና በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ በየጣቢያው ተሰብስባችሁ የምትከታተሉን አዋቂ ተማሪዎች፣ ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ። ትምህርቱን እንጀምራለን።

እስካሁን ፊደል ለይታችኋል። ፊደሉን እያገጣጠማችሁ ቃል ማንበብም ጀምራችኋል። ዛሬ ደግሞ በወረቀት ላይ ያልተጻፈ ነገር እንዴት እንደሚነበብ እንነጋገራለን። ድንጋይ ይነበባል። ዛፍ ይነበባል። የቦታ ስምም ይነበባል። ለዚህ ትምህርት የመረጥነው በደጃችን ያለውን የእንጦጦን ጋራ ነው።

ከጫንጮ እስከ አዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እህሉን ወይም ወተቱን ጭኖ ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው ሱሉልታን አልፎ የእንጦጦን ጋራ ማቋረጡ አይቀርም። ታዲያ ብዙዎቻችን እንጦጦን የምናውቀው በብርዱና በዳገቱ ነው። ያ ጋራ ግን በአንድ ዘመን የመንግሥት መቀመጫ ነበር። ከተማ ቆመበት፤ ከተማውም ጥሎት ወረደ። ለምን ወጡበት? ለምንስ ለቀው ወረዱ? መልሱ እዚያው ጋራው ላይና በዙሪያው ተጽፎ ይገኛል። አራት ዱካ ተከትለን እንፈልገው።

አንደኛው ዱካ፦ ጋራው ራሱ

በድሮ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ብዙውን ጊዜ በአንድ ቦታ አይረጉም ነበር። ንጉሡ ሲነሣ ሠራዊቱ፣ ባለሟሉ፣ ጋሻ ጃግሬው፣ እንጀራ ጋጋሪው፣ ጠጅ ጣዩ ሁሉ አብሮ ይነሣል። ከተማ ማለት የሚተከልና የሚነቀል ድንኳን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በአንኮበርና በልቼ ከተቀመጡ በኋላ በ1870ዎቹ ዓመታት እንጦጦ ላይ ከተሙ።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ከጫፉ ላይ የቆመ ዘበኛ በሰሜን የሱሉልታን ሜዳ፣ በደቡብ የፊንፊኔን ሜዳ ያያል። ከየትም በኩል የሚመጣ ሰው ሳይታይ አያልፍም። እንግዲህ ወደዚህ ጋራ የወጡት ለጥበቃ ሲሉ እንደ ነበር መሬቱ ራሱ ይናገራል።

ሌላም የሚነግረን ነገር አለ። በጋራው ሰሜን የወረደ ዝናብ በሱሉልታ በኩል አድርጎ ሙገር፣ ከሙገርም ዓባይ ይገባል። በደቡብ የወረደው ደግሞ በአቃቂ አልፎ አዋሽ ይገባል። አንዱ ሱዳንና ግብፅ ይደርሳል፤ ሌላው አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። ጋራው ውሃን ለሁለት ወገን ያከፋፍላል፤ ለራሱ ግን ብዙ አያስቀርም። ይህን ነገር ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ዱካ፦ ቤተ ክርስቲያኑና ግቢው

እንጦጦ ላይ ዛሬም ቆሞ የሚታየው ዋናው ቅርስ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ባለ ስምንት ማዕዘን ነው። ውስጡ እንደ አገራችን ልማድ በሦስት ይከፈላል፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ይባላሉ። ምኒልክ ዳግማዊ ምኒልክ ተብለው በአቡነ ማቴዎስ እጅ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነበር። ይህን ቀን በደብተራችሁ ጻፉት። ከዚያው ሳይርቅ የእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

የንጉሡ ግቢም አለ። ቤተ መንግሥት ሲባል በወርቅ የተንቆጠቆጠ ሕንጻ የሚጠብቅ ሰው እዚያ ሲደርስ ይገረማል። ቤቶቹ የድንጋይ፣ የእንጨትና የጭቃ ናቸው፤ ግድግዳቸው ነጭ ተቀብቷል፤ ክዳናቸው ሣር ነው። ከደጅ ሲታዩ የአንድ ባለጸጋ ባላገር ቤት ይመስላሉ። ማንኛችንም ግድግዳቸውን አይተን እንዴት እንደ ተመረገ መናገር እንችላለን፤ በቤታችን የምናውቀው ሥራ ነውና። ቅርስ ማለት ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። እንደ እኛው ያለ አናጢ የጠረበው፣ እንደ እኛው ያለች ሴት ጭድ ከጭቃ ለውሳ የለሰነችው ነው። በስፍራው የዘመኑ አልባሳትና ዕቃዎች የሚታዩበት ቤተ መዘክርም አለ።

ሦስተኛው ዱካ፦ ስሞቹ

ቤት ይፈርሳል፤ ስም ግን ይቀራል። ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት በጋራውና በሜዳው የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ይኖሩ፣ ከብት ያረቡ፣ ያርሱ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ጉለሌ፣ የካ እያልን የምንጠራቸው ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከእነዚሁ ጎሳዎች ነው። የሜዳው ስምም ፊንፊኔ ነው። ከተማው ሲሰፋ እነዚያ ሰዎች መሬታቸውን አጥተዋል፤ ብዙዎቹም ተነሥተው ሄደዋል። ይህም የታሪኩ አንድ ገጽ ስለ ሆነ ተዘልሎ አይነበብም። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የኢሬቻ በዓል ከረጅም ዘመን በኋላ በሆራ ፊንፊኔ እንደገና ሲከበር፣ ስሙ ብቻውን ይዞት የቆየው ትዝታ ከሕዝቡ ጋር ተገናኘ ማለት ነው። የግድ ድንጋይ ያልተካበበት ስፍራም ቅርስ ይሆናል።

አራተኛው ዱካ፦ ዛፉ

አሁን ወደ ያዝነው ነገር እንመለስ። ጋራው ለጥበቃ ይመቻል፤ ለኑሮ ግን ይከብዳል። ብርዱ ያንገበግባል፤ ነፋሱ አያስቆምም። እህሉም ውሃውም ዳገት በሰውና በአጋሰስ ጀርባ ይወጣል። ከሁሉ የባሰው ማገዶ ነበር። ያን ሁሉ ሠራዊት እንጀራ ጋግሮ፣ ጠላ ጠምቆ፣ እሳት አንድዶ ለማኖር ስንት ሸክም እንጨት እንደሚፈጅ ምድጃ ላይ የቆመች እናት ታውቀዋለች። ቤቱም አጥሩም እንጨት ነው። ዛፉ እየተቆረጠ አለቀ፤ ጋራውም ተራቆተ።

ንግሥት ጣይቱ ወደ ፍል ውሃው መውረድ ይወዱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤተ መንግሥቱም ጠቅልሎ ወረደ። የጥያቄያችን መልስ እንግዲህ ይኸው ነው፤ እንጦጦ ከተማን ያገኘው በከፍታው ነው፤ ያጣውም በውሃና በማገዶ እጦት ነው።

ሜዳው ላይም ቢሆን ችግሩ አልቀረም። የአዲስ አበባ ሰው ሲበዛ እንጨቱ እየራቀ ሄደ። ምኒልክ እንደ ድሮው ልማድ ከተማውን ለመንቀል አሰቡ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደን ያለበት ስፍራ ተመርጦ በ1893 ዓ.ም. ገደማ አዲስ ዓለም መሠራት ጀመረች። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንጻ ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዛሬ ደብረ ጽዮን ማርያም ይባላል። ንጉሡ ወደዚያ ሳይሄዱ የቀሩበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ማገዶና ማገር ሆኖ ከተማዋን ባለችበት አስቀራት።

ስለዚህ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ስታዩ አንድ ታሪክ እያነበባችሁ ነው። ዛፉ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልቡ አይበቅልም፤ ውሃም አብዝቶ ይጠጣል። በዚያ ጋራ ላይ ስንት እናቶች ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ ኖረዋል! በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል። ጥድን፣ ወይራንና ሌሎች አገር በቀል ዛፎችን ወደ ጋራው የመመለስ ሥራም ተጀምሯል።

አገር በቀሉ ደን ምን ይመስል እንደ ነበር ማየት የሚፈልግ በሰበታ በኩል ወደ ወጨጫ ተራራ ይሂድ። የሱባ መናገሻ ደን እዚያ አለ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ መጥቶ እንደ ተተከለ ይነገራል፤ ይህ ከሆነ ከ500 ዓመት በላይ አልፎታል። ትልልቅ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ይታይበታል፤ ጉሬዛና ድኩላ ይኖርበታል። የእንጦጦ ደን አለቀ፤ የመናገሻው ግን እስከ ዛሬ ቆየ። ልዩነቱ ጠባቂ ማግኘቱ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል?

አድማጮቻችን፣ ዛሬ ከተሞቻችን በፍጥነት እየተለወጡ ናቸው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። መንገድ ይሰፋል፤ ፎቅ ይሠራል። ልማቱ ደግ ነው። ነገር ግን አሮጌ ካብ ሲፈርስ፣ ትልቅ ዛፍ ሲቆረጥ፣ የወንዝ ወይም የመንደር ስም ሲለወጥ ያልተጻፈው ነገር አብሮ ይጠፋል። የሚያውቁት አዛውንት ካለፉ ደግሞ ማንን እንጠይቃለን? መንግሥት የጻፈው የእንጦጦ ታሪክ በመጽሐፍ ይገኛል። የእናንተ መንደር ታሪክ ግን በአባትና በእናት አንደበት ላይ ብቻ ነው ያለው። ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

እንዴት ይሠራል? በመጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። ምንጭ ይሁን፣ ዋርካ ይሁን፣ አሮጌ ቤት ይሁን። ቀጥሎ ከአንድ ሽማግሌ በላይ ጠይቁ። የሰማችሁትን ሁሉ አንድ ላይ አትደባልቁ፤ "እገሌ እንዲህ አሉኝ፣ እገሊት ደግሞ እንዲህ አሉኝ" ብላችሁ ለየብቻ ጻፉ። ስም ያታልላልና። ከጫንጮ ወደ ሰሜን ስትሄዱ፣ ደብረ ሊባኖስ አጠገብ "የፖርቱጋል ድልድይ" የሚባል የድንጋይ ድልድይ አለ። ስሙን የሰማ ፖርቱጋሎች የሠሩት ይመስለዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን አሁን የቆመው ድልድይ የሰላሌ ገዥ በነበሩት በራስ ዳርጌ ዘመን እንደ ተሠራ ይገልጻሉ።

በመጨረሻም፣ በእርሻ ወይም በግንባታ ላይ ጥንታዊ ነገር ያገኘ ሰው ለብቻው አያንሣው፣ አይሽጠው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያገኘው ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል። ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መንገር ነው። ድንጋዩ ከነበረበት ቦታ ከተነቀለ ከዐረፍተ ነገር እንደ ወጣ ቃል ይሆናል፤ ትርጉሙ ይጠፋል።

የዛሬ ቃላት

ቅርስ፦ ያለፈው ትውልድ ሠርቶ ወይም ጠብቆ ያቆየልን ነገር።
አገር በቀል፦ ከውጭ ያልመጣ፣ በአገሩ የኖረ ተክል።
ቆረቆረ፦ ከተማ መሠረተ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እንጦጦ ለመንግሥት መቀመጫነት ለምን ተመረጠ? ለምንስ ተተወ?
2. የባሕር ዛፍ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጉዳቱስ?
3. በቀበሌያችሁ ስሙ ብቻ የቀረ ቦታ አለን? ስሙን ጻፉ፤ ከሥሩም የሁለት አዛውንቶችን ቃል ጨምሩ።

የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ለመምህራችሁ አሳዩ፤ በጣቢያችሁም ጮክ ብላችሁ አንብቡት። እስከሚቀጥለው ትምህርት ድረስ ደህና ሰንብቱ።