የአበባ ጎመን ጥብስ፦ አትክልት ብቻውን ምሳ ይሆናል?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት አይደለም፤ ስለ ምሳ ነው።

የምኖረውም የምሠራውም ፉሪ ነው። አመሻሽ ላይ መንገድ ዳር ጉሊቱ ሲደራ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው፣ ጥቅል ጎመኑ ይሻማል። ጥግ ላይ ደግሞ በአረንጓዴ ቅጠሉ የታቀፈ ነጭ አበባ ጎመን ቁጭ ብሎ ገዢ ይጠብቃል። ብዙ ሰው አይቶት ያልፋል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ተመሳሳይ ነው፦ "ቀቅለን በላነው፤ ምንም ጣዕም የለውም።"

እውነት ነው፣ ሲቀቀል ጣዕም የለውም። ሲጠበስ ግን ሌላ ምግብ ነው። በተለይ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የክብደት ችግር ያለባችሁና በጾም ቀን "ምን ልብላ?" እያላችሁ የምትጨነቁ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት። መጨረሻ አካባቢ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ሳታነቡት ማለፍ የሌለባችሁ ነገር አለ።

🔹 "ጎመን በልቶ መኪና ይነዳል እንዴ?"

አንድ ታካሚዬ የሚኒባስ ሹፌር ናቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ዓይነት 2 ስኳር አለባቸው። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።) በጾም ወቅት ስኳራቸው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ከፍ ይላል።

"ጋሼ፣ በጾም ምሳ ምን ይበላሉ?" አልኳቸው።

"ምን አለ ብለው ነው ዶክተር? ፓስታ፣ ሩዝ፣ አንዳንዴ ድንች በዳቦ።"

"አትክልትስ?"

"እሱማ ማባያ ነው እንጂ! ጎመን በልቶ መኪና ይነዳል እንዴ?"

ሳቅን። ግን እኮ ግማሹ እውነት ነው። አትክልት ብቻውን እስከ ማታ አያቆይም። 100 ግራም አበባ ጎመን ውስጥ ያለው ኃይል 25 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ፕሮቲኑም 2 ግራም ያህል ብቻ። ግማሽ ኪሎ ብትበሉ እንኳ 125 ካሎሪ አካባቢ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሆዳችሁ ቢጮህና ዳቦ ቤት ብትሄዱ አይገርምም።

ሌላው ግማሽ ግን ትክክል አይደለም። እስቲ የካርቦሃይድሬት መጠኑን በ100 ግራም እናወዳድር፦

▪️ ነጭ ዳቦ፦ ወደ 50 ግራም
▪️ የተቀቀለ ፓስታ፦ ከ25 እስከ 30 ግራም
▪️ የተቀቀለ ነጭ ሩዝ፦ 28 ግራም ገደማ
▪️ አበባ ጎመን፦ 5 ግራም ገደማ፤ ከዚያም ውስጥ 2 ግራሙ አሰር (ፋይበር) ነው

ልዩነቱን አያችሁት? ጋሼ ጾማቸውን በሥርዓቱ ይጾማሉ፤ ሥጋውና ቅቤው ሲቀር ግን ቦታውን የያዘው ዱቄት ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩበት ደግሞ የዓመቱ ትልቅ ክፍል ነው። ይህን ያህል ቀን ምሳው ፓስታና ዳቦ ከሆነ ስኳሩ ቢወጣ ጥፋቱ የጾሙ አይደለም፤ የሳህኑ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው "አትክልት ወይስ ምግብ?" መሆን የለበትም። ጥያቄው "አትክልቱን ዋና ምግብ ለማድረግ ምን ይጎድለዋል?" ነው። የሚጎድሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ጣዕም፣ ፕሮቲን እና ትንሽ ጥሩ ቅባት።

🔹 ጣዕሙ ከየት ይመጣል?

በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ አትክልት ሲቀቀል ረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ ይቆያል። በዚህ መሃል ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት የሚባሉት ውሃ ውስጥ የሚሟሙ ቫይታሚኖች ወደ ውሃው ይወጣሉ፤ እኛ ደግሞ ውሃውን እንደፋዋለን። ብዙ ሲቀቀል የሚመጣው ያ የሚከረፋ ሽታም በጎመን ዘሮች ውስጥ ካለው ድኝ (ሰልፈር) ነው።

ሲጠበስ ግን ሙቀቱ 200 ዲግሪ ይደርሳል። ውሃው ይተናል፣ ላዩ ቡናማ ይሆናል፣ ተፈጥሯዊ ጣፋጭነቱ ይወጣል። ቡና ሲቆላ ወይም የዳቦ ቅርፊት ሲቀላ የሚመጣው መዓዛ ዓይነት ነው። ሙቀት ቫይታሚን ሲን በመጠኑ መቀነሱ አይቀርም፤ ነገር ግን ተደፍቶ የሚቀር ውሃ የለም።

በነገራችን ላይ አበባ ጎመን "የፈረንጅ" ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሸሸዋል እንጂ ዘመዳችን ነው። የሳይንስ ሰዎች እንደሚሉት የሀበሻ ጎመን የተገኘው ከሁለት ዕፅዋት መዳቀል ነው፤ አንዱ ወላጁ ጥቅል ጎመን፣ ብሮኮሊና አበባ ጎመን የወጡበት ዝርያ ነው። እናቶቻችን ምጣድ የሚያሹበት ጎመን ዘርም የዚሁ የሀበሻ ጎመን ፍሬ ነው።

🔹 አሠራሩ (ለሁለት ሰው)

የሚያስፈልገው፦
▪️ 1 መካከለኛ አበባ ጎመን
▪️ 1 ኩባያ ተዘፍዝፎ የተቀቀለ ሽምብራ
▪️ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት (ኑግ፣ ሱፍ ወይም ያላችሁ ፈሳሽ ዘይት)
▪️ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዮዲን ያለው ጨው
▪️ 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ ወይም እርድ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ
▪️ 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ ሎሚ

1️⃣ ስትገዙ ጠበቅ ያለ፣ ሲያነሱት የሚከብድ፣ ቅጠሉ ያልጠወለገ ምረጡ። ትንሽ ቡናማ ነጥብ ካለው በቢላ ፋቅ አድርጋችሁ መጠቀም ይቻላል።

2️⃣ በትንንሹ ከፋፍላችሁ ጨው ባለው ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉት። በአበባው መሃል የተደበቀ ትል ካለ ይወጣል። ከዚያ በንጹህ ውሃ እጠቡት።

3️⃣ በጣም ወሳኙ ነገር፦ በደንብ አድርቁት! በንጹህ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ። እርጥብ ከሆነ አይጠበስም፣ ይቀቀላል።

4️⃣ ከዘይቱ፣ ከጨውና ከቅመሙ ጋር በእጃችሁ እሹት። ሽምብራውንም አብራችሁ ቀላቅሉ። ግንዱን አትጣሉት፤ ቀጭን አድርጋችሁ ክተፉትና አብሮ ይጠበስ። ለጋ ቅጠሉም እንዲሁ።

5️⃣ ትሪ ላይ ሳይደራረብ ዘርጉት። ከተደራረበ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል።

6️⃣ ኦቨን ካላችሁ በ220 ዲግሪ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፤ መሃል ላይ አንድ ጊዜ አገላብጡት። ነጭ ሽንኩርቱን ቀድማችሁ ከጨመራችሁ ያርራል፤ መጨረሻ 5 ደቂቃ ሲቀር ጨምሩት። ሲወጣ ሎሚ ጨመቅ።

ቡናማ ይሁን እንጂ አይክሰል። የከሰለውን አንሡት።

🔹 "ዶክተር፣ ኦቨን የለኝም"

አውቃለሁ፤ የብዙ ኪራይ ቤትና የኮንዶሚኒየም ኩሽና ኦቨን የለውም። ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ አላችሁ አይደል? እንጀራ ጋግራችሁ ስትጨርሱ ምጣዱ ገና እሳት ነው፤ ሸክላ ሙቀት ይይዛል። ያን ሙቀት በከንቱ አትልቀቁት። አበባ ጎመኑን በብረት ትሪ ዘርግታችሁ ምጣዱ ላይ አስቀምጡና አክንባሎውን ክደኑት። እንፋሎት እንዲወጣ በትንሹ ክፍት ተዉት። ሙቀቱ የሚመጣው ከታች ብቻ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ከቀዘቀዘ ጥቂት ደቂቃ መልሳችሁ ሰኩት። እዚህ ላይ ሰዓት አልነግራችሁም፤ የእያንዳንዱ ምጣድ ጠባይ ይለያያል፣ በዓይናችሁ ተከታተሉ።

ትሪውን ግን አትርሱ! ዘይት ምጣዱን ከነካው የቤቱ እንጀራ ጋጋሪ ከእኔ ጋር ትጣላለች። 😄

ምጣድም ከሌለ ወፍራም መጥበሻ ይበቃል። በመካከለኛ እሳት መጀመሪያ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ተከድኖ ይለስልስ፤ ከዚያ ክዳኑን አንሡና ቡናማ እስኪሆን እያገላበጣችሁ ጥበሱት።

🔹 ሳህኑ እንዲህ ይሁን

✅ ግማሹ፦ የተጠበሰው አበባ ጎመን፣ ከሰላጣ ወይም ከሌላ አትክልት ጋር። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንድንበላ ይመክራል፤ በዚህ አንድ ሳህን ትልቁን ድርሻ ሸፈናችሁ ማለት ነው።

✅ ሩቡ፦ ፕሮቲን። ሽምብራው አለ፤ 100 ግራም የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ወፈር ያለ ሽሮም ይሆናል። ጾም ካልሆነ እንቁላል ወይም አይብ።

✅ ሩቡ፦ እንጀራ። አዎ፣ እንጀራ! ማንም እንጀራ ተዉ አላለም። መጠኑ ነው የሚቀንሰው።

ላዩ ላይ ተቆልቶ የተፈጨ ሰሊጥ በሎሚና በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ ብታፈሱበት ደግሞ ጣት ያስቆረጥማል። ዘይትና ሰሊጥ ግን ይለካ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቫይታሚን ሲ ከምስር፣ ከሽምብራና ከጤፍ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን እንዲወስድ ይረዳል። የደም ማነስ ያለባችሁ፣ ሎሚውን አትርሱ፤ ቡናና ሻዩን ደግሞ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቁት።

🔹 ጥንቃቄ የሚያስፈልጋችሁ

⚠️ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ፦ ይህን በደንብ አንብቡ። እንጀራውን፣ ፓስታውን፣ ዳቦውን በአንድ ጊዜ አጥፍታችሁ በአበባ ጎመን ብትተኩና መድኃኒቱን በድሮው መጠን ብትወስዱ ስኳራችሁ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ይህ መኪና ለሚነዳ ሰው ደግሞ የእሱም የተሳፋሪውም ሕይወት ጉዳይ ነው። ለጋሼም በመጀመሪያ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፦ ቀስ በቀስ ይቀንሱ፣ ስኳርዎን ይለኩ፣ መድኃኒቱን በራስዎ አይቀይሩ፣ ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉ። ለመጾምም ቢሆን አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ግራ መጋባት ከመጣ መኪናውን አቁሙ። መለኪያ ካላችሁ ለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌላችሁ ሳትጠብቁ፣ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ካልተሻላችሁ ድገሙና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡ፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና ውሰዱት።

⚠️ ደም ግፊት ያለባችሁ፦ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሽሮ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ጨው የገባባቸው ናቸው። የቀኑ ጠቅላላ ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች መሆን አለበት። ቅመማችሁ ጨው ካለው ሌላ አትጨምሩ።

⚠️ የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ፦ አትክልቱም ሽምብራውም ፖታሺየም አላቸው። መጠኑን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

⚠️ ዋርፋሪን የምትወስዱ፦ አበባ ጎመን ያለው ቫይታሚን ኬ ከሀበሻ ጎመን በጣም ያነሰ ነው። ቢሆንም የአትክልት አበላላችሁን በድንገት አትለውጡ።

⚠️ እንቅርት ወይም የታይሮይድ ችግር ያለባችሁ፦ የበሰለውን በልክ መብላት ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም። በየቀኑ ጥሬውን እየጨመቁ መጠጣት ግን አይመከርም።

⚠️ ሆዳችሁ የሚነፋ ከሆነ፦ በትንሽ ጀምሩ፤ ሽምብራውንም በደንብ ዘፍዝፉ።

⚠️ ለሁላችንም፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከሚመረተው አትክልት የተወሰነው የሚለማው በተበከለ የአቃቂ ወንዝ ውሃ ነው። ማጠብና ማብሰል ጀርሙን ይቀንሳል፤ እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶችን ግን እሳት አያጠፋቸውም። ስለዚህ ከየት እንደመጣ ሻጯን ጠይቁ፤ አንድ ዓይነት አትክልት ብቻ ሳይሆን እያፈራረቃችሁ ብሉ።

🔹 በመጨረሻ

"አበባ ጎመን ካንሰር ይፈውሳል"፣ "ቦርጭ ያቀልጣል" የሚሉ ቪዲዮዎችን አትመኑ። በጎመን ዘሮች ውስጥ ስላለው ሰልፎራፌን የተባለ ንጥረ ነገር ብዙ ምርምር አለ፤ ነገር ግን ሕክምናውን ትቶ ጎመን የሚበላ ካንሰር ታማሚ የሚያጣው ጊዜ አይመለስም። አበባ ጎመን መድኃኒት አይደለም። ጥሩ ምሳ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ያ ይበቃዋል።

ጋሼ ምን ሆኑ? ተአምር አልተፈጠረም። መድኃኒታቸውን አስተካክለን፣ ባለቤታቸው በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አበባ ጎመን በሽምብራ ትጠብስላቸዋለች፤ በላስቲክ ዕቃ ይዘው ይወጣሉ። ስኳራቸው ወርዷል፤ ገና የሚቀረን አለ። አንድ ቀን ግን እንዲህ አሉኝ፦ "ዶክተር፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነዳሁበት እኮ!"

በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ሞክሩት። ስኳር ላለበት ጾመኛ ዘመዳችሁም ይህን ጽሑፍ ላኩለት፤ የመድኃኒቱን ማስጠንቀቂያ እንዳይዘልም ንገሩት።

ጤና ይብዛላችሁ! 💚