ሆድ ሲነፋ ሰዓት ይቆጠራል

ደሴን የሚያውቅ ሁሉ ፒያሳን ያውቃል። ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥቶ የሚመጣው መንገደኛ፣ ከየገጠሩ ለገበያ የሚገባው ገበሬ፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚጣደፈው ጸሐፊ እዚያ ይተላለፋሉ። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ ጎልማሳ በባጃጅ ተደግፎ ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ የሚታይበት ጊዜ አለ። አስታማሚዎቹም «ቁርጠት ነው፤ ሦስት ቀን ሆነው» ይላሉ። እኛም ዛሬ ለአንባቢ ልናስረዳ ያሰብነው የእነዚህን የሦስት ቀኖች ዋጋ ነው።

ትልቁ አንጀት ወይም ደንዳኔ ወደ ፊንጢጣ ከመድረሱ በፊት በስተግራ በኩል የሚቆለመም ክፍል አለው፤ ሐኪሞች ሲግሞይድ ይሉታል። ይህን ክፍል ከሆድ የኋላ ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው ስስ ሽፋን ሲሆን፣ የደም ሥሮቹም የሚያልፉት በዚያው ውስጥ ነው። አንጀቱ ረጅም፣ የሽፋኑ ሥር ደግሞ ጠባብ በሆነ ጊዜ በራሱ ላይ ለመጠምዘዝ ይቀለዋል። ሲጠመዘዝም አየርና ዓይነ ምድር መውጫ ያጣሉ፤ ደም ይታገዳል፤ በመጨረሻም አንጀቱ ጠቁሮ ይሞታል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ደዌ በአብዛኛው የሚይዘው አረጋውያንን ነው። በአገራችን ግን ብዙውን ጊዜ የሚጥለው ገና አርሶ የሚያበላውን ወንድ ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ፣ በደርባን ከተማ የተደረገ ልኬት የአፍሪካውያን ሲግሞይድ ረዘም ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ አሰር የበዛበት ምግብም አንጀትን እያሰፋ ያስረዝማል ተብሎ ይታመናል። የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔትም በዚሁ በሽታ ላይ በአገራችን የተደረገ ጥናት ያወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ነበር።

ደስ የሚያሰኘው ነገር መድኃኒቱ የታወቀ መሆኑ ነው። ብሩስጎርድ የተባለው የኖርዌይ ሐኪም በ1947 እንዳስረዳው፣ አንጀቱ ገና ሕያው ከሆነ በፊንጢጣ በኩል በመሣሪያ እየተመለከቱ የጎማ ቱቦ በማስገባት የታፈነውን አየር ማስወጣትና የዞረውን ማቃናት ይቻላል። ይሁን እንጂ ተመልሶ ስለሚጠመዘዝ፣ በሽተኛው ከበረታ በኋላ የረዘመው ክፍል በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። አንጀቱ ከሞተ ግን ቱቦው አይረዳም። ፈረንሳዊው ሐርትማን በ1921 እንዳስተማረው፣ የተበላሸውን ቆርጦ የታችኛውን ጫፍ መዝጋት፣ የላይኛውን በሆድ ቆዳ በኩል ማውጣት ግድ ይሆናል። የሞት አደጋውም እጅግ ይጨምራል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሐኪሙ ችሎታ ብቻ ሳይሆን የሰዓት ጉዳይ ነው።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ በነበረ ጊዜ፣ ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ የወሎ ሕዝብ በመራራው ተምሯል። ስለዚህ ወጣቱ ባለሥልጣን የገጠር መንገድና አምቡላንስ በጀት ፊቱ ሲቀርብ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው የአንድ አባወራ አንጀት መሆኑን ያስብ። ተማሪውም ለዕረፍት አገሩ ሲገባ ለቤተሰቡ ይህን ይንገር፦ ሆድ ተነፍቶ፣ አየርና ዓይነ ምድር ተቋርጦ፣ ቁርጠት ከጸና፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጠጣትም ሆነ ማሳሸት ጊዜ ከማባከን በቀር አይፈይድም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደተባለው ሁሉ፣ ያዘገየም እንዲሁ ነው።