የኬኔዲ ግማሽ ዶላር፦ ዓመቱን ሳያዩ አይግዙ

በአሜሪካ የአሮጌ ሳንቲም ገበያ "የብር ኬኔዲ" እየተባለ የሚሸጠው ግማሽ ዶላር አንድ ዓይነት አይደለም። የሟቹ ፕሬዚዳንት ምስል ያው ነው፤ የሳንቲሙ ስፋትም አልተለወጠም። በውስጡ ያለው የብር ማዕድን ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ለተሠራው 11.25 ግራም ሲሆን፣ ከ1965 እስከ 1970 ለተሠራው 4.6 ግራም ብቻ ነው። ሁለተኛውን በመጀመሪያው ሂሳብ የገዛ ሰው ከከፈለው ገንዘብ ከግማሽ በላዩ ከሱቁ ሳይወጣ ቀልጧል።

ለውጡን ያመጣው የብር ዋጋ መወደድ ነው። እስከ 1964 የአሜሪካ ባለ 10፣ ባለ 25 እና ባለ 50 ሳንቲሞች 90 በመቶ ብር ነበሩ። የአንድ አውንስ ብር ዋጋ ከ1.38 ዶላር ካለፈ ሳንቲሙ ከተጻፈበት ዋጋ ይልቅ በውስጡ ያለው ብር ይበልጣል። በ1963 ዋጋው 1.29 ዶላር ደረሰ። ማቅለጡ ገና ባያዋጣም ሕዝቡ ሳንቲሙን ከገበያ እየሰበሰበ ማስቀመጡን ተያያዘው። በሐምሌ 1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በፈረሙት ሕግ ከባለ 10 እና ከባለ 25 ሳንቲም ብር ጨርሶ ሲወጣ ለግማሽ ዶላሩ 40 በመቶ ተተወለት። መካከለኛው መንገድ ግን አልሠራም፤ አዲሱንም ሰዉ ደበቀው። ከ1971 ጀምሮ ለመገበያያ የወጣው መዳብና ኒኬል ብቻ ነው።

ባለ 40 በመቶው ዓይን የሚያታልለው በአሠራሩ ነው። ውጫዊ ሽፋኑ 80 በመቶ፣ ልቡ 21 በመቶ ገደማ ብር ነው። ፊቱን ያየ ሰው ንጹሕ ብር ይመስለዋል፤ ንጥረቱ ግን አያቶች ይገበያዩበት ከነበረው ማርትሬዛ (83.3 በመቶ) ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ለመለየት ቀላሉ ዘዴ ዓመቱን ማንበብ ነው። ቀጥሎ ሚዛን አለ፦ የ1964ቱ 12.5 ግራም፣ ባለ 40 በመቶው 11.5 ግራም፣ ብር የሌለው 11.34 ግራም ይመዝናል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ልዩነት እጅግ ጠባብ ስለሆነ የሱቅ ሚዛን አይበቃም፤ ጠርዙን ማየት ይሻላል። ብር የሌለው ቀይ የመዳብ መስመር በግልጽ ይታይበታል፤ በባለ 40 በመቶው ላይ መስመሩ ደብዛዛ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አብዛኛው በውስጡ ባለው ብር ሂሳብ ይሸጣል። አቅላጮች ደግሞ ብዙ መዳብ ስለሚያጣሩ ከባለ 90 በመቶው ይልቅ በዚህኛው ላይ ጠበቅ ያለ ቅናሽ ይጠይቃሉ። ሻጭ ይህን ካላወቀ ይከፋዋል። ለብቻው መቀመጥ ያለበት ከኬኔዲ አንገት ሥር "ዲ" የሚል የላቲን ፊደል ያለው የ1970 ሳንቲም ነው። ዴንቨር 2 ሚሊዮን 150 ሺህ ገደማ ሠርቶ ለሰብሳቢዎች በሚሸጥ ጥቅል ብቻ ስላወጣው፣ ከሌላው ጋር በኪሎ የሸጠው ሰው ይከስራል።

አንድ ወጥመድ ይቀራል። "1776–1976" የተጻፈበትና "ኤስ" የሚል የላቲን ፊደል ያለው ግማሽ ዶላር በሁለቱም ዓይነት፣ ባለ 40 በመቶ ብርም ብር አልባም ሆኖ ለሰብሳቢዎች ቀርቧል። እዚህ ላይ ዓመቱም ፊደሉም አያድኑም፤ ጠርዙን ሳያገላብጡ ገንዘብ መክፈል አይገባም።