ኮምፖስት ሲገዙ ውሃ እንዳይገዙ

ኮምፖስት በኩንታል ሲሸጥ ብዙ ገዢ የሚያየው ቀለሙን ነው። ጠቆር ካለ "በስሏል" ብሎ ሂሳቡን ይከፍላል። ጥቁረት ግን ከእርጥበትም፣ ከከሰል ብናኝም ሊመጣ ይችላል።

ሚዛን ላይ ቀድሞ የሚያከስረው ውሃው ነው። ከመቶ 40 እጁ ውሃ የሆነ ኩንታል 60 ኪሎ ደረቅ ነገር ይዟል፤ 60 እጁ ውሃ ከሆነ ግን የሚቀረው 40 ኪሎ ብቻ ነው። ዋጋቸው እኩል ከሆነ ሁለተኛው ገዢ ለአንድ ደረቅ ኪሎ 50 በመቶ ጨምሮ ከፈለ ማለት ነው። አንድ ጭብጥ ወስዶ መጭመቅ ይበቃል፤ ጥሩው ሲጨበጥ ይያያዛል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። ውሃ ከተንጠባጠበ ዋጋው ይቀነስ። አሸዋ የተቀላቀለበትን ለመለየትም በብርጭቆ ውሃ መበጥበጥ ነው፤ አሸዋው ቶሎ ይዘቅጣል።

የባሰው ኪሳራ ግን ሳይበስል የተሸጠው ነው። እንዲህ ያለው አፈር ውስጥ ገብቶም መብላላቱን ይቀጥላል፤ ናይትሮጂኑን ከተክሉ ይሻማል፣ ችግኙም ቢጫ ይሆናል። ለችግኝ ነጋዴ ይህ የወቅቱ ገቢ ነው። ክምሩ ውስጥ ብረት ሰክተው ቆይተው ሲያወጡት ከጋለ ገና ነው። ቀዝቃዛ መሆኑም ብቻውን አያስተማምንም፤ ደርቆ መብላላት ያቆመም ይቀዘቅዛል። ናሙናውን አርጥቦ፣ በፕላስቲክ ከረጢት አስሮ ሦስት ቀን ማቆየት ይሻላል። ሲፈታ ዝናብ የነካው አፈር ከሸተተ ደግ ነው፤ የኮመጠጠ ወይም የበረት ሽንት ጠረን ካለው ሻጩ ጥቂት ሳምንታት ይጠብቅ።

ደህናው መፈተኛ ከቅመም ነጋዴ ዘንድ ይገኛል፤ ፊጦ ነው። የውጭ አገር ላቦራቶሪዎችም የኮምፖስትን ብስለት በፊጦ ዘር ይፈትናሉ። በአንዱ ጣሳ ጥሩ አፈር፣ በሌላው ግማሽ አፈር ግማሽ ኮምፖስት፤ በየጣሳው 20 ፍሬ ይዘራ። በሳምንት ውስጥ ኮምፖስት ያለበት በግልጽ ካነሰ ወይም ከቀጨጨ ግዢው ይቅር።

"ዩሪያን ይተካል" የሚል ደላላ ካጋጠመም ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለው። የኮምፖስት ናይትሮጂን አብዛኛውን ጊዜ ከደረቅ ክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። የኮምፖስት ጥቅሙ አፈር ማለስለሱና እርጥበት መያዙ ነው፤ በዚያው ይሸጥ።

ከከተማ ቆሻሻ የተሠራው ለብቻው ይታያል። የጠርሙስ ስባሪና ፕላስቲክ በዓይን ይለያል፤ እርሳስና ካድሚየም ግን በአፍንጫም በፊጦም አይያዙም። በመኪና ጭነት የሚገዛ ሰው የላቦራቶሪ ውጤቱ ከውሉ ጋር እንዲያያዝለት ይጠይቅ፤ ቀብዱንም ከዚያ በኋላ ይክፈል።